ሙሽራውና ሚዜዎቹ፦ የባሕር ቀንድ አውጣ ስፐርም እንዴት ነው የተሠራው?

ዛጎል የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብስ ላይ፣ የድሮ መሶብ ላይ፣ ዛጎል ጣይዋ ፊት ምንጣፍ ላይ ተበትኖ አይታችሁታል። ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዳንዱ ሰው «የባሕር ድንጋይ» ይላችኋል። ድንጋይ አይደለም። የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ባለቤቱ አንድ ወቅት ሕንድ ውቅያኖስ ወይም ቀይ ባሕር ውስጥ ይሳብ ነበር፤ ይበላ ነበር፤ ይራባም ነበር።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መራባቱ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። የማወራው ስለ ወንዱ ዘር ሕዋስ ብቻ ነው፤ በተለምዶ ስፐርም ስለምንለው።

ስፐርም ሲባል የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው፤ የባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለው። ክብ ጭንቅላት፣ ቀጭን ጅራት፣ በቃ የእንቁራሪት ልጅ። የባሕር ቀንድ አውጣዎች ይህን ሥዕል ያፈርሱታል። የአንዳንዱ ስፐርም ጥይት ይመስላል። የአንዳንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ነው። ትል የሚመስልም አለ፤ ጅራቱ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ጭራሽ ጅራት የሌለውም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ውስጡ ዘር የሌለበት ስፐርም መኖሩ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። እሱ ጋ ስንደርስ ቆም ብለን እናየዋለን።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ እንዳትደናገሩ።

ስፐርም ምን ምን ይዞ ነው የሚጓዘው?

ስፐርምን ሩቅ አገር እንደሚላክ መልእክተኛ አስቡት። የሚያደርሰው ዕቃ አለ። የሚሄድበት እግር ያስፈልገዋል። የመንገድ ስንቅ ያስፈልገዋል። ሲደርስ ደግሞ በሩን የሚያስከፍትበት ነገር ያስፈልገዋል።

ዕቃው ዘረመሉ ነው፤ ዲኤንኤ የምንለው። የሚቀመጠው ኒውክሊየስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። በሌሎቹ የሰውነት ሕዋሶች ዲኤንኤው ዘና ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሕዋሱ በየጊዜው ገለጥ እያደረገ ያነበዋልና። ስፐርም ውስጥ ግን መንገድ ላይ ማንም አያነበውም። ስለዚህ ይጠቀጠቃል። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ላይ ተንበርክኮ ዚፑን ሲዘጋ አይታችሁ ከሆነ፣ ነገሩ እሱ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የስፐርም ኒውክሊየስ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ስለተጠቀጠቀ ነው።

ስንቁን የሚያዘጋጁት ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት ናቸው። ምግብን ወደ ጉልበት ይቀይራሉ። ጄኔሬተር በሏቸው።

በሩን የሚያስከፍተው አክሮሶም ይባላል። ከኒውክሊየሱ ፊት፣ ጫፉ ላይ፣ እንደ ቆብ የተደፋ ትንሽ ከረጢት ነው። ውስጡ የእንቁላሉን ሽፋን የሚያላሉ ፕሮቲኖች አሉበት። እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ከረጢቱ ተከፍቶ ውስጡ ያለው ይፈሳል።

እግሩ ጅራቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጅራቱ ተቆርጦ ሲታይ ደስ ይላልና። ተመራማሪዎች ስፐርሙን እንዳይበላሽ በኬሚካል ያቆዩትና ሲደርቅ ፕላስቲክ በሚሆን ሙጫ ውስጥ ይቀብሩታል። ከዚያ በአልማዝ ምላጭ ስስ ስስ አድርገው ይቆርጡታል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ እንኳ ያነሰ ነው። ያንን ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዩት ዘጠኝ ጥንድ ቱቦዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መሐላቸው ሁለት ነጠላ ቱቦዎች አሉ። ሰርግ ቤት ዘጠኝ ጥንድ ሰው ክብ ሠርቶ ሲያጨበጭብ፣ ሁለቱ መሐል ገብተው እስክስታ ሲወርዱ ማለት ነው።

ጥንዶቹን የሚያንቀሳቅሱት ዳይኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱን ጥንድ ረግጠው ጎረቤቱን ይስባሉ። መሳቡ ዙሪያውን በተራ ስለሚሄድ ጅራቱ ይተጣጠፋል፤ ስፐርሙም ወደፊት ይገፋል። የሰው ስፐርም ጅራትም የተሠራው እንዲሁ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ አክታ የሚጠርጉት ፀጉር መሰል ነገሮችም በዚሁ ንድፍ ነው የሚሠሩት። ከሰውና ከቀንድ አውጣ በፊት የነበረ በጣም አሮጌ ማሽን ነው።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር ነው። ውሃ ውስጥ የሚለቀቅ ተራ የቀንድ አውጣ ስፐርም ጭንቅላቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ጅራቱ 50 አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ ሁሉም ቀንድ አውጣ ለምን አንድ ዓይነት ስፐርም የለውም?

መንገዱ ስለሚለያይ ነው። ከሰፈር ሰፈር ሰው የሚያመላልስ ባጃጅና ከአዲስ አበባ መተማ የሚሄድ አገር አቋራጭ አውቶብስ አንድ ዓይነት ተደርገው አይሠሩም። ሁለቱም ሰው ይጭናሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ይህን በግልጽ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ ስዊድናዊው የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ኦከ ፍራንዜን ነው። በ1950ዎቹ የብዙ ዓይነት የባሕር እንስሳትን ስፐርም አነጻጸረ። የደረሰበት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የስፐርሙን ቅርጽ የሚወስነው የእንስሳው ዘመድ አዝማድ ብቻ አይደለም። ስፐርሙና እንቁላሉ የሚገናኙበት ቦታም ይወስነዋል።

ባጃጁን እንይ። የባሕር ጠረፍ ድንጋዮች ላይ፣ ሾጣጣ ባርኔጣ የመሰለ ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ አለ። ሳይንቲስቶች ፓቴላ ይሉታል። በእጅ ለማላቀቅ ብትሞክሩ ጥፍራችሁ ይሰበራል እንጂ እሱ አይነቃነቅም። እንዲህ ድንጋይ የሙጥኝ ብሎ የሚኖር እንስሳ ሚስት ፍለጋ አይዞርም። ወቅቱ ሲደርስ ወንዱ ስፐርሙን፣ ሴቷ እንቁላሏን ባሕሩ ላይ ይለቃሉ። የቀረው የውሃው ጉዳይ ነው።

የፓቴላ ስፐርም እንደ ኑሮው ቀለል ያለ ነው። ጭንቅላቱ አጭር ነው። ጫፉ ላይ ሾጣጣ አክሮሶም ተደፍቶበታል። ከኒውክሊየሱ ሥር ክብ ክብ ማይቶኮንድሪያዎች ተደርድረዋል፤ በዚህ ዓይነት ስፐርም ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ናቸው። ከሥር ሆናችሁ ብታዩአቸው ጉልቻ ይመስላሉ፤ በመሐላቸው ጅራቱ ይወጣል። ትርፍ ስንቅ የሚባል የለም። ምን ያደርግለታል? ውሃው ይበትነዋል፣ ያቀጥነዋል፤ ዕድሉ አጭር ነው። ካገኘ አገኘ፣ ካላገኘ አለቀለት። ባለቤቱም የሚተማመነው በብዛት ነው። አባሎኒ የሚባለውና ሥጋው በውድ የሚሸጠው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣም የሚራባው በዚሁ መንገድ ነው። አባሎኒን ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሴቷ ሰውነት ውስጥ የሚገባውስ?

ዛጎልና እጅግ ብዙ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። እንቁላሉ የሚዳብረው ሴቷ ሰውነት ውስጥ ነው። ይህ ነገሩን ሁሉ ይቀይረዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዝልግልግ ፈሳሽ ሞልቶበታል። ቆይታውም ረጅም ነው። ሴቷ ስፐርም የምታስቀምጥበት ከረጢት አላት። ስፐርሞቹ ጭንቅላታቸውን የከረጢቱ ግድግዳ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ፤ እንደ ዝርያው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። እንቁላሉ ሲዘጋጅ ነው ተራ የሚደርሳቸው።

ስለዚህ አውቶብሱ ረጅምና ቀጭን ነው። ኒውክሊየሱ ተስቦ ዘንግ፣ አንዳንዴም ክር ሆኗል። ማይቶኮንድሪያዎቹ ጉልቻነታቸው ቀርቶ፣ ረዝመው በጅራቱ መነሻ ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥመዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ግላይኮጅን የተከማቸበት ክፍል አለ። ግላይኮጅን ጉበታችንና ጡንቻችን ውስጥም የሚቀመጥ የስኳር ክምችት ነው። መተማ የሚሄድ ሹፌር ከኋላ የሚጭነው የነዳጅ ጀሪካን በሉት።

ቅርፊታቸውን የጣሉ ወይም ያሳነሱ የባሕር ቀንድ አውጣዎችም አሉ፤ በቀለማቸው የተነሳ ጠላቂዎች ፎቶ ሲያነሷቸው የሚውሉት። የእነዚህ ስፐርም ደግሞ የባሰ ነው። ኒውክሊየሱ እንደ ቡሽ መክፈቻ ይጠመዘዛል። ማይቶኮንድሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ተዋህደው አንድ ረጅም ሽፋን ሆነዋል። ጀሪካኑም ብቻውን አልተቀመጠም፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የዚህ ቤተሰብ ዘመድ እኛም አገር አለ። ሐይቅ ዳር የምትኖረው፣ የቢልሃርዚያን ትል የምታሳድገው ትንሿ ቀንድ አውጣ ከዚሁ ወገን ናት። እሷ እርግጥ የጨው ውሃ አታውቅም። አንዷ ወንድም ሴትም ሆና ስለምትኖር፣ አንዲት ብቻ ሐይቅ ብትገባ ያለ ባል መንደር ልትሞላ ትችላለች።

ጠመዝማዛው ጀሪካን አንድ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ለመፍታትም ረድቷል። አርክቴክቶኒካ የሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ አለ፤ ቅርፊቱ ጠፍጣፋና ክብ ነው፣ የፀሐይ ሰዓት ይመስላል። ለረጅም ዘመን በቅርፊቱና በአንዳንድ መልኩ ተፈርዶ ከነ ዛጎል ወገን ይመደብ ነበር። በ1980ዎቹ አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ጆን ሂሊ ስፐርሙን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ያ የታወቀ ጠመዝማዛ ቁጭ ብሏል። ዘመዶቹ ለካ ቅርፊት አልባዎቹ ናቸው! በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ምርመራም ከዚሁ ወገን ነው የመደበው። ቅርፊት እንደ ልብስ ነው፤ ሞገድ ሲበዛ ይወፍራል፣ ጠላት ሲበዛ እሾህ ያበቅላል። ስፐርምን ግን ሞገድም ሸርጣንም አያየውም።

ዘር የሌለው ስፐርም ደግሞ ምን ማለት ነው?

በ1836 ጀርመናዊው ካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልድ አንዲት የወንዝ ቀንድ አውጣ ወስዶ ስፐርሟን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። አንድ ዓይነት ይጠብቅ የነበረው ሰውዬ ሁለት ዓይነት አገኘ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ክር መሳይ። ሁለተኛው ወፈር ያለ ትል ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ብዙ ጅራቶች እንደ ጭራ ተንዠርግገዋል። ሁለቱም ከአንድ ወንድ፣ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው።

ነገሩ የዚያች ቀንድ አውጣ ጉድ ብቻ አልነበረም። ቆይቶ ሲታይ፣ እንቁላላቸው ሴቷ ውስጥ የሚዳብረው እጅግ ብዙ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ሁለት ዓይነት ስፐርም ይሠራሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ፍሪድሪኽ ሜቬስ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ልዩነቱ ኒውክሊየሱ ላይ መሆኑን አሳየ። ቀጭኑ ሙሉ ዘረመል አለው። ወፍራሙ ወይ ከዘረመሉ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል፣ ወይም ጭራሽ የለውም።

ዛሬ ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙባቸውን ስሞች ያወጡት ያው ሂሊና ባልደረባው ባሪ ጄሚሰን ናቸው፤ በ1981። እንቁላል የሚያዳብረውን ኤውስፐርም አሉት፤ «ደህናው» እንደማለት ነው። ሌላውን ፓራስፐርም አሉት፤ «ከጎን ያለው»። ግሪክኛው ለምላስ ስለሚከብድ እኔ ከዚህ በኋላ ሙሽራና ሚዜ እላቸዋለሁ። ሙሽራው የሚያገባው ነው። ሚዜው አጅቦ ይሄዳል፤ አያገባም።

ሚዜው የተበላሸ ሙሽራ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። እኔም መጀመሪያ ሳነብ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አሠራሩን ስታዩ ግን በስህተት የመጣ አይመስልም። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ነው፤ ቡሖው አንድ ነው። ወደ ሙሽራነት የሚሄደው በወጉ ተከፋፍሎ፣ ዘረመሉን አጋማሽ ይዞ፣ ይጠቀጥቀዋል። ወደ ሚዜነት የሚሄደው ግን ክሮሞዞሞቹን መያዝ ይተዋል። ኒውክሊየሱ ይበታተንና ይፈርሳል። በምትኩ የጅራት መሠረት የሆኑት ክፍሎች ይባዛሉ፤ ብዙ ጅራት የሚያበቅለው ለዚህ ነው። የቀረው ሰውነቱ ደግሞ ፕሮቲን በተጠቀጠቀባቸው ብዙ ከረጢቶች ይሞላል። አንድ ሕዋስ የራሱን ዘር ጥሎ በቦታው ጓዝ ይጭናል ማለት ነው። ስህተት ቢሆን በእያንዳንዱ ወንድ፣ በእያንዳንዱ ትውልድ፣ በዚህ ሥርዓት ባልተደገመ።

መልካቸው ደግሞ ማለቂያ የለውም። የብዙዎቹ ሚዜ ትል መሳይ ነው፤ ጅራቶቹ ሰውነቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረው ይርገበገባሉ። ሊቶሪና የሚባለው የጠረፍ ቀንድ አውጣ ሚዜ በብዙዎቹ ዝርያዎች ክብ ነው፤ ጅራት የለውም፤ ውስጡ ዘንግ የመሰለ ነገር ተጋድሞበታል። በሰሜን ፓስፊክ የሚገኘው ፉሲትራይተን ደግሞ አንድ ሚዜ አልበቃው ብሎ ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ትል መሳይ፣ አንዱ ጦር መሳይ።

ታዲያ ሚዜው ምን ይሠራል?

በጣም ግልጽ የሆነውን ታሪክ ከሐምራዊቷ ተንሳፋፊ እንጀምር። ያንቲና ትባላለች። ዕድሜ ልኳን መሬት አትነካም። ከእግሯ በሚወጣ ዝልግልግ ነገር አየር እየጠቀለለች አረፋ ትሠራለች፤ አረፋው ሲጠነክር ታንኳ ይሆናታል። ከታንኳው ሥር ተዘቅዝቃ፣ ንፋስና ማዕበል ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። መዋኘት አትችልም። ታንኳው ከተበተነባት ትሰምጣለች።

አሁን ችግሩን አስቡት። ውቅያኖስ ላይ ሁለት ተንሳፋፊዎች አሉ። አንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም። ወንዱ ደግሞ ስፐርም የሚያስገባበት ብልት የለውም። በባጃጁ ዘዴ ውሃ ላይ ቢበትነው፣ ውቅያኖሱ ይውጠዋል።

ሚዜው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የያንቲና ሚዜ ግዙፍ ነው፤ ሙሽራው አጠገቡ ሲታይ ክር ነው። ሙሽሮቹ በሺህ እየሆኑ ጭንቅላታቸውን ሚዜው ላይ ይሰካሉ። ከዚያ ሚዜው ያን ሁሉ ጭኖ ይዋኛል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ እየዋኘ ወደ ሴቷ የሚያደርሳቸውም እሱ ነው። ሲኖትራክ ላይ የተጫነ የእህል ጆንያ አይደለም፤ ተጫኞቹም ሕያው ናቸው፣ ጅራታቸው ይንቀሳቀሳል። አገር ቤት የዓመት በዓል ሰሞን አውቶብስ አይታችሁ ታውቁ የለም? ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው። እንደዚያ ነው። ይህ ሚዜና ሙሽራ አንድ ላይ የተሳፈሩበት ጉዞ ኤፒቶኒየም በሚባሉት፣ ጠመዝማዛ ደረጃ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ባላቸው ዘመዶቿም ይታያል። የእነሱም ወንዶች ብልት የላቸውም።

ሊቶሪና ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ወንዱ ብልት አለው፤ ስፐርሙን ራሱ ያደርሳል። ሙሽሮቹ ግን እዚያም ሚዜው ላይ ይጣበቃሉ። ጅራት የሌለው ሚዜ ወዴት ያደርሳቸዋል? አንዳንዶች ሞግዚት ነው ይላሉ፤ ይመግባቸዋል። አንዳንዶች በዚያ የተጠቀጠቀ ፕሮቲን የሴቷን ማሕፀን ምቹ ያደርግላቸዋል ይላሉ። ሚዜዎቹ ሴቷ ውስጥ ሲፈርሱ ታይተዋል፤ ስለዚህ ጓዛቸውን እዚያ ያራግፋሉ ማለት ነው። ለሴቷ ራሷ ስንቅ ይሆናሉ የሚልም አለ።

ሌላው ሐሳብ ፉክክር ነው። ሴቷ ከብዙ ወንድ ጋር ከተገናኘች፣ ስፐርሞቹ አንድ ከረጢት ውስጥ ይጋፋሉ። ይህ ወሬ አይደለም። በ2010 የታተመ ጥናት ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ በምትባለው ዝርያ አራት እናቶችን ወስዶ የልጆቻቸውን ዘረመል መረመረ። የአንዲት እናት ልጆች ከ15 እስከ 23 አባት ነበራቸው። እንዲህ በተጨናነቀ ግቢ ውስጥ ቦታ የሚይዝ፣ በር የሚዘጋ፣ የሌላውን ወገን የሚያዘገይ ጓደኛ ቢኖር ይጠቅማል። እውነተኛ ሚዜ ማለት ይኸው አይደል?

እንደ እኔ ግን ለሁሉም ዝርያ የሚሆን አንድ መልስ መፈለጉ ራሱ ስህተት ነው። ያንቲና ጀልባ ነው ያስፈለጋት። ሊቶሪና የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም አንድ ይሆናል ማለት አይደለም።

እንቁላሉ በር ላይ ሲደርስስ?

ወደ አባሎኒ እንመለስ። አባሎኒ ሚዜ የለውም፤ ሙሽራው ብቻውን ነው የሚመጣው። የስፐርሙ አክሮሶም ግን ለሰውነቱ ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ምክንያቱም የአባሎኒ እንቁላል ጠንካራ ሽፋን ለብሷል፤ ሳይከፈት አይገባም።

አገር ቤት ሰርግ ላይ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ ሙሽራውን አላስገባም ሲል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ግፊያው ብቻ አያስገባም፤ ሙሽራው የዚያ ቤት ሙሽራ መሆኑ መታወቅ አለበት። የአባሎኒም በር እንደዚያ ነው። አክሮሶሙ ሲከፈት ላይሲን የሚባል ፕሮቲን ይፈሳል። ላይሲን ሽፋኑን እንደ መቀስ አይቆርጠውም። ሽፋኑ እርስ በርስ በተያያዙ ረጃጅም ክሮች የተሠራ ነው። ላይሲን ክሮቹ ላይ ይለጠፍና መያያዛቸውን ያላላዋል። ክሮቹ ይተረተራሉ። ሦስት ማይክሮሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይከፈታል። ስፐርሙ በእሱ ይገባል።

የላይሲን ቁልፍ የሚሠራው በደንብ ለራሱ ዝርያ ነው። ይህ ቁም ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሰባት ዓይነት አባሎኒ አለ፤ የአንዳንዶቹ መኖሪያና የመራቢያ ጊዜም ይደራረባል። ሁሉም ባሕሩ ላይ ይለቃሉ። እንቁላሉ የራሱን ከባዕዱ የሚለይበት አንዱ መንገድ ይህ የበር ላይ ቁልፍ ነው። በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ላይሲን ከዝርያ ዝርያ በጣም በፍጥነት የሚለዋወጥ ፕሮቲን መሆኑን አሳይተዋል። የበሩ መቆለፊያ ሲቀየር መክፈቻውም ይቀየራል።

በ2017 የወጣ ሥራ ደግሞ የእንቁላሉን ሽፋን ክር በቅርበት አየው። ከላይሲን ጋር የሚያያዘው ክፍል አሠራሩ ከአጥቢ እንስሳት እንቁላል ሽፋን ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። የሰውም እንቁላል በዚያ ዓይነት ፕሮቲን ነው የተሸፈነው።

ይህን ማወቅ ከማይክሮስኮፕ ውጭ ምን ይሠራል?

ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ነጩ አባሎኒ የሚባል ዝርያ አለ። ሥጋው ስለሚጣፍጥ በ1970ዎቹ ጠላቂዎች ለቅመው ጨረሱት ማለት ይቻላል። በ1996 ማጥመዱ ተከለከለ። ሰው ይተዋቸው እንጂ ይባዛሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። አልተባዙም።

ለምን? የባጃጁን ስፐርም አስታውሱ። አጭር ነው። ስንቅ የለውም። ለሰፈር መንገድ ነው የተሠራው። ወንዱና ሴቷ ጥቂት ሜትር ተቀራርበው ከሆነ፣ ሚሊዮን እንቁላልና ከዚያ የሚበልጥ ስፐርም ይገናኛል። የቀሩት ጥቂት ነጭ አባሎኒዎች ግን ተራርቀው ቀርተዋል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ሁለቱም በወቅቱ ይለቃሉ። ስፐርሙ እንቁላሉ ጋ ሳይደርስ ውሃው አቅጥኖ ይጨርሰዋል። ባዶ ባሕር ውስጥ እያረጁ መሞት ነው። ያንቲና የራቀውን የምታቀርብበት ሚዜ አላት፤ አባሎኒ የለውም። ኖሮት አያውቅም፤ ምክንያቱም ለሚሊዮን ዓመታት ጎረቤት አጥቶ አያውቅም።

በ2001 ነጩ አባሎኒ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዘገበ። አከርካሪ ከሌላቸው የባሕር እንስሳት የመጀመሪያው ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ ባለው በቦዴጋ የባሕር ምርምር ጣቢያ በገንዳ ውስጥ እንዲራባ ተደረገ። በገንዳ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ወደ ባሕር የተመለሱት በ2019 ነው።

የገንዳው ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ወንዱም ሴቷም በየባልዲያቸው ይቀመጣሉ። ውሃው ውስጥ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨመራል፤ ቁስል የምናጥብበት ያው ኬሚካል። እሱ እንዲለቁ ይቀሰቅሳቸዋል። ውሃው ሲደፈርስ ሠራተኛው ከወንዱ ባልዲ ጥቂት ይቀዳና የሴቷ እንቁላሎች ላይ ያፈሰዋል። ሜትሮቹን በእጁ ያሻግርለታል። የቀረችውን በር ስፐርሙ ራሱ ይከፍታታል።